ማግኔት የማይሰማው ድምፅ
ስለ ጊታር ጥምጥም፣ ስለ ክራር ጅማትና ስለ በርታ ዋዛ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከእንጨቱ የሚወጣ የሚመስለው አድማጭ ብዙ ነው። እንጨቱ ግን በዚህ መሣሪያ ላይ ዋነኛ ሥራው አውታሩን ወጥሮ መያዝ ነው። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ የሚወለደው በአውታሮቹ ሥር በተቀበረች፣ ከአንድ ጣት ርዝመት እምብዛም በማትበልጥ ዕቃ ውስጥ ነው። ሙዚቀኞች ፒክአፕ ይሏታል። በውስጧ ያሉት ዋና ነገሮች ሁለት ናቸው፤ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ የተጠመጠመ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። የብረቱ አውታር ሲመታ በማግኔቱ ኃይል ክልል ውስጥ ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱም በጥምጥሙ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል። ይህ ሞገድ በገመድ አልፎ፣ በማጉያው ጎልብቶ፣ በመጨረሻ ለጆሮ ይደርሳል።

ይህ የተፈጥሮ ሕግ ከጊታር እጅግ የሰፋ ነው። ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1831 በሙከራ ያሳየው ሕግ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ በግዙፍ መልኩ ይሠራል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ ስፍራ የዓባይ ውኃ ተርባይኖቹን ሲያሽከረክር ማግኔት ከመዳብ ጥምጥም ጋር ይገናኛል፤ ከግንኙነቱም ኃይል ይወለዳል። የግድቡ ጠቅላላ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ የጊታሯ ጥምጥም የምታመነጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። መጠናቸው እንደ ሰማይና ምድር ይራራቅ እንጂ ሕጋቸው አንድ ነው። በአንደኛው ወንዝ ይንቀሳቀሳል፤ በሌላው የሰው ጣት።

ነገሩ ለፊዚክስ መምህር ብቻ የሚተው አይደለም። ጥምጥም ማለት ጆሮ ነውና፣ ለየትኛው ድምፅ እንደተሠራ፣ የትኛውን እንደሚያጎላና የትኛውን ጨርሶ እንደማይሰማ መመርመር የኪነ ጥበብ ሂስ ተግባር ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የዕቃዋን ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጆርጅ ቦሻምፕ በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የፈረስ ኮቴ መሰል ማግኔቶችን በአውታር ዙሪያ አድርጎ የሠራው መሣሪያ ለኤሌክትሪክ ጊታር መንገድ ከፈተ። በዚያ ዘመን ጊታር በነሐስ መሣሪያዎችና በከበሮ መካከል ድምፁ ይዋጥ ነበርና፣ የፈጠራው ዓላማ መሰማት ብቻ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ፌንደር የተባለው ፋብሪካ ያወጣው ስትራቶካስተር ሦስት ነጠላ ጥምጥሞች ነበሩት። በእያንዳንዱ ላይ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት በተቀየጠ ማዕድን የተሠሩ ስድስት ዘንጎች ቆመው፣ በዙሪያቸው ከ0.06 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ወደ 8,000 ዙር ያህል ይጠመጠም ነበር። ሽቦው ተፈትቶ ቢዘረጋ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሌላው ታላቅ ፋብሪካ፣ ጊብሰን፣ በሴት ላቨር መሐንዲስነት ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አቅጣጫ አጣምሮ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጊታሮቹ ላይ ተከለ። የዚህ ጥቅሙ ነጠላ ጥምጥም ከአካባቢው የመብራት መሥመር የሚለቅመውን ጉምጉምታ ማጥፋት ነበር። በአንደኛው ጥምጥም የገባው ጉምጉምታ በሁለተኛው ተገልብጦ ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

በፌንደር ፋብሪካ ሽቦውን በጣታቸው እየመሩ የሚጠመጥሙት በብዛት ሴት ሠራተኞች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል በ1956 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው አቢጌል ኢባራ ስሟ እስከ ዛሬ ይጠራል። የሽከርካሪው መሣሪያ ፍጥነት የሞተር ነው፤ ሽቦው ወዴት እንደሚተኛ የሚወስነው ግን የሰው ጣት ነው። ጣት እንደ ማሽን በእኩል ርቀት አይመላለስም። ከዚህም የተነሣ ዙሮቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገሩ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸውም ጥቂት ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ በጥምጥሙ ውስጥ የሚከማቸውን የኤሌክትሪክ ክምችት ይቀንሳል፤ ክምችቱ ሲቀንስ ከፍተኞቹ ድምፆች ይበልጥ ይተርፋሉ፤ ጊታሩም የጠራና ትንፋሽ ያለው ይመስላል። በእጅ የተጠመጠመ ፒክአፕን የሚያሞግሱ ሙዚቀኞች የሚሉት ነገር ተጨባጭ መሠረት ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና ውዳሴው ከመሠረቱ አልፎ ሲሄድ ይታያል። ዛሬ በጊታር ዓለም ውስጥ የፋብሪካውን ጥምጥም አውጥቶ የ1950ዎቹን (እ.ኤ.አ.) አሠራር በሚከተል፣ በእጅ በተጠመጠመ ጥምጥም መተካት ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። የሽቦው መሸፈኛ ቀለም፣ የማግኔቱ እርጅና፣ የማቀፊያው ቁሳቁስ ሁሉ እንደ ቅርስ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጅ በእጅነቱ ብቻ የጥበብ ዋስትና አይሆንም። ልል ሆኖ የተጠመጠመ ሽቦ በከፍተኛ ድምፅ ላይ ራሱ ይርገበገብና ይጮኻል። ይህ እንዳይሆን ነው ጥምጥሙ በቀለጠ ሰም ውስጥ የሚነከረው። በቅኔ ቤት ሰም ወርቁን ይሸፍናል፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ሰሙ ወርቁን ከመጮኽ ይጠብቀዋል። የኢባራም እጅ የተከበረው ሰው ስለነበረች ብቻ ሳይሆን ለዓመታት የሠለጠነ እጅ ስለነበራት ነው።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በ1950ዎቹ ፋብሪካ ውስጥ የተቀመጡት ሠራተኞች አሮጌ ድምፅ እየሠሩ አልነበረም። ይሠሩ የነበረው በዘመኑ አዲስ የነበረውን ድምፅ ነው። የዛሬው ጥንት የያኔው አዲስ ነበረ። ስለዚህ የእነርሱን ውጤት መቅዳትና የእነርሱን ፍለጋ መቀጠል ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። ቀጂው የሚያውቀውን ድምፅ ያገኛል፤ ፈላጊው ግን ያልተሰማውን።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቀረጿቸው ሥራዎች ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የመሳሰሉት ቅኝቶች ከጃዝ አቀነባበር ጋር እንዲነጋገሩ አደረጉ። በ1975 እ.ኤ.አ. በአይቤክስ ባንድ አጃቢነት በተቀረጸው የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» የሰላም ሥዩም ጊታር ከድምፃዊው ጋር አይሽቀዳደምም፤ እየተመላለሰ ምቱን ያጥራል እንጂ። የጊታሩ አገልግሎት በክራርና በከበሮ መካከል የቆመ አገልግሎት ነው። ከአውታር ዜማ ይወስዳል፤ ከከበሮ ደግሞ ጊዜ። ይህን የፈጠረው ከባሕር ማዶ የመጣው ማግኔት ሳይሆን፣ ቅኝቱን ከልጅነት ጀምሮ የሰማ ቀኝ እጅ ነው።

ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤቲዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት እነዚህ ሥራዎች ለዓለም ጆሮ ደረሱ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሙላቱ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ መሰማቱ አድማጩን አበዛ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ ድምፅ ፍለጋ አሮጌ ማጉያ፣ አሮጌ ኦርጋንና አሮጌ መሰል የጊታር ጥምጥም የሚያሰባስቡ ባንዶች ተነሡ። ፍቅራቸው የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ከዚያ ዘመን የሚወርሱት የቀረጻውን ጠባብነት ከሆነና የሙዚቀኛውን ብርታት ካልሆነ፣ ውርሱ ከወርቁ ሰሙን መያዝ ይሆናል። የአይቤክስ ተጫዋቾች እንደ ጥንት ለመሰማት አልጣሩም፤ በእጃቸው በነበረው መሣሪያ ወደፊት ለመሰማት ጣሩ።

በዛሬው ኢትዮጵያዊ ጊታር ተጫዋች ፊት የቆመው ምርጫም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ርካሽ ጊታር የያዘ ወጣት ጥምጥሙን ቢለውጥ ይጠቀማልን? መልሱ፣ ምን ለመጫወት እንደሚፈልግ ያውቅ እንደሆነ ይጠቀማል የሚል ነው። ትዝታን በጊታር የሚጫወት ሰው ጣቱን በአውታሩ ላይ እያንሸራተተና እያንቀጠቀጠ ዜማውን ያስጌጣል። ብዙ ዙር የተጠመጠመና ኃይለኛ ድምፅ የሚሰጥ ጥምጥም ማጉያውን ቶሎ ስለሚያሻክረው ይህን ጌጥ ይውጠዋል። ዙሩ መጠነኛ የሆነ ነጠላ ጥምጥም ግን የጣቱን አነካክ ሁሉ አውጥቶ ያሳያል፤ ስሕተቱንም ጭምር። እንደ ክራር አጭርና ቁርጥ ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ወደ ድልድዩ የቀረበው ጥምጥምና የመዳፍ ጠርዝ ብዙ ይረዱታል። የድምፅ መቆጣጠሪያው መጠንም ቦታ አለው። ለነጠላ ጥምጥም በልማድ 250 ሺህ ኦም፣ ለጣምራ ጥምጥም 500 ሺህ ኦም ይመረጣል፤ ቢለዋወጡ ድምፁ ይደፈናል ወይም ይሾላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አውታሩ አዲስ፣ ቅኝቱ ትክክለኛ፣ የአውታሩም ከፍታ የተስተካከለ መሆን አለበት። ባረጀ አውታር ሥር ውድ ጥምጥም መትከል በደነዘዘ ማጭድ ላይ አዲስ እጀታ እንደ መግጠም ነው።

የጥምጥሙን ትልቁን ጉድለት ግን የትኛውም የእጅ ጥበብ አይሞላውም። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። የክራርን ጅማት አይሰማም፤ ናይለኑንም አይሰማም። የማሲንቆን የፈረስ ጭራ አይሰማም። የበገናን አውታርና በአውታሩ ሥር የምትንዘረዘረውን የቆዳ እንዚራ አይሰማም። የኤሌክትሪክ ጊታር ጥምጥም ለእነዚህ ሁሉ ድፍን ደንቆሮ ነው። ስለዚህ ከድምፅ ማጉያ ጋር የመጣው ለውጥ መሣሪያን ሁሉ በእኩል ያጎላ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። የብረት አውታር ያላቸውን አስቀደመ፤ የቀሩትን በመድረኩ ጥግ አቆመ።

ክራርን ከዚህ ጥግ ለማውጣት የተሞከሩ መንገዶች አሉ። አንደኛው የብረት አውታር ማሰር ነው። ይህ መንገድ ጉልበት ይሰጣል፤ ነገር ግን የክራሩን ቶሎ የሚከስም ድምፅ ወስዶ የጊታርን ረጅም ድምፅ ይተካበታል። አስናቀች ወርቁ በክራራቸው ላይ ያሳዩት ጥበብ በግማሹ በዚህ መክሰም ውስጥ ያለ ነው። አውታሩ ዝም ባለበት ቅጽበት ድምፃዊቷ ቃሏን ታኖራለች። ሁለተኛው መንገድ በመሣሪያው አካል ላይ የምትለጠፍ፣ ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ድምፅ ያዥ ናት። የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. ባገኙት የመዓድናት ጠባይ ላይ የተመሠረተች ስለሆነች ለጅማትም ለናይለንም ጆሮ አላት። በ2012 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን ለንደን ያደረገው፣ በተመስገን ዘለቀ የሚመራው ክራር ኮሌክቲቭ ባወጣው ሥራ ክራር ያለ ጊታር እርዳታ የዘመናዊ መድረክን ሙሉ ሸክም መሸከም እንደሚችል አሳይቷል። ሙላቱ አስታጥቄም በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በነበሩበት ጊዜ ክራርን ለዘመናዊ አገልግሎት ስለማሻሻል ከተቋሙ ባለሙያዎች ጋር መክረዋል። የእነዚህ ጥረቶች ትክክለኛነት ከመሣሪያው በመነሣታቸው ላይ ነው። ክራሩ ለማግኔቱ እንዲመች አልታጠፈም፤ ለክራሩ የሚመች ጆሮ ተፈለገለት እንጂ።

ከክራር ይልቅ የሚከብደው ፈተና ግን የሚገኘው በአሶሳ በኩል ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ዋዛ የተባለ የመለከት ጓድ አለው። በአማርኛ ዋዛ ቀልድና ቀላል ነገር ማለት ይሁን እንጂ፣ የበርታ ዋዛ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። መለከቶቹ ከቅል ቁርጥራጭ እየተቀጣጠሉ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከአጫጭሮቹ እስከ እጅግ ረጃጅሞቹ በመጠን ይለያያሉ። እያንዳንዱ መለከት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ማንም ነፊ ብቻውን ዜማ የለውም። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው በመካከላቸው ይመላለሳል፤ አንድ ሰው ቢጎድል የዜማው አንድ ፊደል ይጎድላል። ይህ አሠራር በደጋው እምቢልታና በደራሼ ፊላም የሚገኝ ነው። የዋዛ ግን ስፋቱና የድምፁ ክብደት ለብቻው ነው።

ይህን ጓድ ለማጉላት የጊታር ጥምጥም አያገለግልም፤ ቅልና ትንፋሽ ማግኔት አያውቁምና። አንድ ማይክሮፎን በመካከል ቢቆም የቅርቡን ነፊ አጉልቶ የሩቁን ያስቀራል። የሚያስፈልገው፣ ነፊዎቹ እንደ ልማዳቸው ቆመው ወይም ተንቀሳቅሰው ሲነፉ ሚዛናቸውን የሚጠብቅ፣ በርከት ያሉ ማይክሮፎኖችና ዜማውን የሚያውቅ ጆሮ ያለው ቀራጭ ነው። ይህ አስቸጋሪ ስለሆነ አቋራጩ ብዙ ጊዜ ኪቦርድ ይሆናል። ከአንድ መለከት የተቀዳ ድምፅ በአንድ ሰው አሥር ጣቶች ይነፋል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው የድምፁ ቀለም ብቻ አይደለም። ቀለሙ እንዲያውም ሊቀር ይችላል። የሚጠፋው የዋዛ ሕግ ነው፤ ብዙ ሰዎች እርስ በርስ ሳይደማመጡ ዜማ ሊፈጠር አይችልም የሚለው ሕግ። የዋዛ ድምፆችም የፒያኖን እኩል ክፍፍል እንዲከተሉ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም። በኪቦርድ ሲተኩ ግን ሳይወዱ ይከተላሉ።

በ2003 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ስለ ዓባይ የተዘፈኑት ዘፈኖች ብዙ ናቸው። ሕዝብን በአንድ ዓላማ ዙሪያ በማሰባሰብ ያደረጉት አስተዋጽዖ የሚካድ አይደለም። በኪነ ጥበብ ሚዛን ሲመዘኑ ግን በብዙዎቹ አንድ ጉድለት ይታያል። የጉባ ተራሮች በምስል ይታያሉ፤ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ልብስና ጭፈራ በጨረፍታ ያልፋል፤ ሙዚቃው ግን ጊታሩም፣ ኪቦርዱም፣ ቅኝቱም ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው። ኃይሉ ከጉባ ይመጣል፤ ድምፁ ግን ጉባን አያውቃትም። ይህ ስለ ግድብ ለሚዘፈን ዘፈን የይዘት ጉዳይ ነው እንጂ የጌጥ አይደለም።

እዚህ ላይ ከጥምጥሙ የሚገኝ አንድ ትምህርት አለ። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በአሜሪካ 60 ጊዜ። በአንድ መሥመር የተያያዙ የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ይህን ምት በኅብረት ይጠብቃሉ። ስለዚህ በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ነጠላ ጥምጥም ያለው ጊታር ሲሰካ፣ ተጫዋቹ አውታር ከመንካቱ በፊት ከማጉያው የሚሰማው ዝቅተኛ ጉምጉምታ ከጉባም፣ ከጊቤም፣ ከጣና በለስም በኅብረት የሚመጣ የኃይል ምት ነው። ጣምራው ጥምጥም ይህን ጉምጉምታ ያጠፋል፤ ማጥፋቱም ለንጹሕ ቀረጻ ተገቢ ነው። ነገር ግን የማሽንን ጉምጉምታ ማጥፋትና የሰውን ድምፅ ከዘፈን ውስጥ ማጣራት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የመሐንዲስ ብልኃት ነው። ሁለተኛው የአቀናባሪ ድካም ነው።

ታዲያ ምን ሊደረግ ይገባል? ከሁሉ አስቀድሞ ጥምጥምን በሀገር ውስጥ መሥራት የሚቻል መሆኑ መታወቅ አለበት። ሙያው ጥቂት ማግኔት፣ ቀጭን የተለበጠ መዳብ፣ የልብስ መስፊያ ሞተር፣ ዙር ቆጣሪና ታጋሽ ጣት ይፈልጋል። የተቃጠለ ሞተር ፈትተው እንደገና የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ፤ ሕጉን ያውቁታል፤ ያልተነገራቸው ለሙዚቃም እንደሚሆን ብቻ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርና የሙዚቃ መምህር ተባብረው አንዱን ጥምጥም 7,000፣ ሌላውን 8,000 ዙር አስጠምጥመው በአንድ ጊታር ላይ ቢያስደምጡ፣ ተማሪው የፋራዴይን ሕግ በጆሮው ይማራል። ልዩነቱንም በቅኝት ይመዝነው፤ ባቲ በየትኛው ይጠራል? አምባሰል በየትኛው ይከብዳል? ይህን ጥያቄ የ1950ዎቹ ፋብሪካ አልጠየቀውም። ሊጠይቀውም አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ተግባር የጊታር ተጫዋቾች ነው። ከዋዛ ሊወስዱ የሚገባቸው ድምፁን ሳይሆን ሕጉን ነው። አምስት ጊታሮች አንድን ዜማ ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ሌላውን እያዳመጠ ተራውን ቢጠብቅ፣ ጊታር እስከ ዛሬ በባንድ ውስጥ የለመደውን የመሪነት ጠባይ ለጊዜው ይተዋል። ሥራው ቀላል አይደለም። አምስት ጥሩ ተጫዋቾች ዝም ማለትን መማር አለባቸው። የዋዛ ነፊዎች ግን ይህን ያውቁታልና፣ አስተማሪዎቹ እነርሱ፣ ትምህርት ቤቱም አሶሳ ይሆናል።

ሦስተኛው የባህል ቡድን የሚያደራጁ ኃላፊዎች ተግባር ነው። የመሣሪያ መግዣ በጀት ሲመደብ አስቀድሞ ኪቦርድና ጊታር ተገዝቶ፣ ለአካባቢው መሣሪያ የተረፈው አንድ ማይክሮፎን ከሆነ፣ ውሳኔው ከልምምዱ በፊት የሙዚቃውን ቅርጽ ወስኗል። ደንቆሮ ጆሮ ገዝቶ የሕዝቡን ድምፅ አጎላሁ ማለት አይቻልም። በመሆኑም የመጀመሪያው ግዢ፣ ቅሉና ጅማቱ የሚሰሙበት ዕቃ ሊሆን ይገባል፤ ከእርሱም ጋር ያንን ዕቃ በትክክል የሚያኖር፣ ከዚያው ከአካባቢው የወጣ ቀራጭ ማሠልጠን ያስፈልጋል።

በእጅ የተጠመጠመው ጥምጥም ያስተማረው ቁም ነገር ከመዳብ ዙር ብዛት ይልቅ ይህ ነው። ድምፅ ሳይሰማ በፊት ሰው ጆሮውን ይሠራዋል፤ ለማን እንደሚሠራውም ይመርጣል። ጉባ ላይ የሚሽከረከረው ጥምጥም መብራቱን ለሁሉ እንዲያዳርስ ተሠርቷል። በጊታሩ ሥርና በመድረኩ ፊት የሚተከለው ጆሮ ደግሞ ለማን እንደሚሠራ ገና አልተወሰነም፤ ውሳኔውም በጠምጣሚው፣ በተጫዋቹና ማይክሮፎን በሚገዛው እጅ ነው።